የሕግ ምክር፦ «እሱን እንኳን ይተዉት» ያልከው ዕዳ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠበቃ። በዲቪ መጥቼ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ማታ መጋዘን እሠራለሁ፣ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከ24 ክሬዲት (የትምህርት ሰዓት) 21 አልፌ፣ አንዱን ክላስ በደብልዩ (ያለ ውጤት አቋርጬ) ወጥቼ፣ ጂፒኤዬ (አማካይ ውጤቴ) 3.1 ነበር። ባለፈው ፎል (የመጸው ሴሚስተር) 12 ክሬዲት ይዤ እያለ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ አባቴ ደብረ ብርሃን በጠና ታመመና ሄድኩ። ጃንዋሪ ስመለስ አራቱም ክላስ ኤፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ፋይናንሻል ኤይዴም (የትምህርት ገንዘብ እርዳታዬም) ያለ ማስጠንቀቂያ ተቋረጠ። ገንዘብ አለብህም ይሉኛል፤ እሱን እንኳን ይተዉት። ኮሌጁን መክሰስ እችላለሁ? ወይስ ሌላ ኮሌጅ ልግባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ እንዴት እንደሆኑ አልጻፍክልኝም። ደህና ናቸው? ወግ ይዞኝ ብቻ አይደለም የምጠይቅህ፤ ጉዳዩ ላይ ለውጥ ስላለው ነው። እመለስበታለሁ።

ክሱን እርሳው። የፌደራል እርዳታ የሚሰጥ ኮሌጅ ሁሉ የተማሪውን የትምህርት ሂደት የመቆጣጠር ግዴታ አለበት። መለኪያው ሦስት ነው። አብዛኛው ኮሌጅ ጂፒኤ 2.0 ይፈልጋል። ከሞከርከው ክሬዲት 67 በመቶ ያህሉን ማለፍ አለብህ። ዲግሪውንም ከመደበኛው ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል ሳያልፍ መጨረስ አለብህ፤ 60 ክሬዲት ከሆነ 90 ሞክረህ ማለት ነው። ያንተን ላስላው። 36 ሞክረህ 21 አለፍክ፤ 58 በመቶ። ጂፒኤህ አራቱ ኤፍ ሲገቡበት 1.97 ይሆናል። በሁለቱም ወድቀሃል። «ደብልዩ ጂፒኤ አይነካም» ብለው መክረውህ ይሆናል። እውነት ነው፣ አይነካም። ከሞከርከው ውስጥ ግን ይቆጠራል።

ማስጠንቀቂያውንም ሕጉ ለኮሌጁ ይፈቅድለታል እንጂ አያስገድደውም። ደግሞ የተማሪ ኢሜይልህን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈትከው መቼ ነው?

አሁን ወደ ዋናው። «እሱን እንኳን ይተዉት» ያልከውን እኔ አልተውኩትም። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ «ሄድኩ» ትላለህ እንጂ «ክላሶቹን ድሮፕ አደረግሁ» አትልም። አራት ኤፍ ደግሞ ለማንም ሳይናገር የጠፋ ሰው ውጤት ነው። ቢሮዬ ከሚመጡት ተማሪዎች የብዙዎቹ ታሪክ ይኸው ነው፤ ሻንጣ ይዘጋል፣ ኤርፖርት ይኬዳል፣ ለኮሌጁ አንድ መስመር የሚጽፍ የለም። በጭንቀት ሰዓት ማን ኮሌጅ ትዝ ይለዋል? ይገባኛል። ግን ሁለት መስመር ኢሜይል ነበር።

ፔል ግራንት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ የሚሰጠው የፌደራል እርዳታ) በሴሚስተሩ መጀመሪያ ቢከፈልህም ያንተ የሚሆነው በተማርክበት ቀን ልክ ነው። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ካለፍክ ሙሉው ያንተ ነው። ከዚያ በፊት ከወጣህ ያልተማርክበት ድርሻ ወደ መንግሥት ይመለሳል። በሁሉም ክላስ ኤፍ ስታገኝ ኮሌጁ መምህራኑን ይጠይቃል፤ ተምሮ ነው የወደቀው ወይስ ጠፍቶ? ጠፍቶ ከተባለና የወጣህበት ቀን ካልታወቀ፣ ግማሽ ሴሚስተር ላይ እንደወጣህ አድርጎ ሊያሰላ ይችላል።

በቁጥር እንየው። ለሴሚስተሩ 3,600 ዶላር ፔል ወሰድክ፣ የኮሌጁ ክፍያ 2,200 ነበር እንበል። ግማሽ ላይ ወጥተሃል ከተባለ ኮሌጁ ከክፍያው ግማሹን፣ 1,100 ዶላር፣ ለመንግሥት ይመልስና ሂሳቡን ወዳንተ ያዞረዋል። «አለብህ» የሚሉህ ይህንን ይመስለኛል። ካልከፈልክ ምዝገባህ ላይ ሆልድ (እገዳ) ይገባል፤ ሲቆይ ለኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ይሰጣል፤ የብድር ታሪክህ ይበላሻል። ዕዳው ለኮሌጁ ሳይሆን ለመንግሥት የሚመለስ ትርፍ ግራንት ከሆነ ደግሞ የ45 ቀን ገደብ አለው። ከፍለህ ወይም የአከፋፈል ስምምነት ፈርመህ ካልተገኘህ የትም ኮሌጅ ብትሄድ ፌደራል እርዳታ አታገኝም። የትኛው ነው ያንተ? የዕዳው ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። ቀኑም እየሮጠ ሊሆን ይችላል።

አሁን ልብ በል። ኦገስት 25 ጀምሮ ዲሴምበር 14 የሚያልቅ ሴሚስተር 60 በመቶው የሚሞላው ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው። አንተ የሄድከውም ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው! ስለዚህ አንዲት ቀን 1,100 ዶላር ልታወጣ ትችላለች። ከክላሶቹ ኦንላይን የነበረ አለ? ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በረንዳ ላይ ቁጭ ብለህ በስልክህ ያስገባኸው ኩዊዝ፣ የላክኸው የቤት ሥራ የለም? ካንቫስ (የኮሌጁ የኦንላይን ክላስ ገጽ) ውስጥ ግባና ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገህ ስክሪንሾት አንሳ። ሎግ ኢን ማድረግ ብቻውን አይቆጠርም፤ የሠራኸው ነገር መኖር አለበት። ኮሌጁ ያንን ቀን የወጣህበት ቀን አድርጎ መውሰድ ይችላል፤ አይገደድም ግን። በጨዋ ቋንቋ፣ በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል የተባለ ነገር ነገ ምስክር የለውም።

ሌላ ኮሌጅ ልግባ ላልከው፤ አዲሱ ኮሌጅ የራሱን መለኪያ ይጠቀማል፣ ከትራንስክሪፕትህ የተቀበለውን ክሬዲትም ይቆጥራል። የመንግሥቱ ዕዳ ግን ስምህን ተከትሎ ይመጣል። መጀመሪያ ዕዳውን ለይ።

እርዳታው እንዲመለስልህ አፒል (ይግባኝ) አስገባ፣ ምክንያትህ በቂ ነው። ሕጉ የዘመድ ሞትን፣ ሕመምንና ሌሎች ልዩ ሁኔታዎችን ይቀበላል። አባትህን የጠየቅኩህ ለዚህ ነው፤ አርፈው ከሆነ ማስረጃው ሌላ ነው። የአፒሉ ደብዳቤ አንድ ገጽ ይበቃል። ምን ሆነ፣ አሁን ምን ተለወጠ፤ ሁለቱን ብቻ መልስ። ሁለተኛውን ሁሉም ይረሳዋል። አባትህን አሁን ማን ያስታምማል? የማታ ሥራህስ? የሆስፒታሉን ወረቀት ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና የፓስፖርትህን ማህተም አያይዝ። ኤፎቹ በችግርህ ምክንያት ወደ ደብልዩ ይቀየሩልኝ ብለህ ማመልከት ይቻል እንደሆነም ለብቻው ጠይቅ። ጂፒኤህን ያነሳልሃል፤ 58 በመቶውን ግን አያነሳም። የትምህርት ደረጃህ ጉዳይ ከፋይናንሻል ኤይዱ የተለየ ቢሮ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱ ጋ ያለቀ ሌላው ጋ አለቀ ብለህ አትተኛ።

ሳልጠየቅ ልናገር። «ጠንከር ያለ የሐኪም ወረቀት አሠራልሃለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዳትነካው። በሐሰት የፌደራል የትምህርት ገንዘብ ማግኘት እስከ 20,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስር፣ አልፎም ሁለቱንም ያስከትላል። ነገ ለዜግነት ስታመለክት ደግሞ ለመንግሥት የሐሰት መረጃ ሰጥተህ ታውቃለህ ወይ ትባላለህ። እውነተኛ ወረቀት እያለህ ምን አስቸኮለህ? ምናልባት ፈርመህ ያስገባኸው የሐሰት ወረቀት ካለ፣ ሌላ ቃል ከመተንፈስህ በፊት ጠበቃ ጋ ሂድ።

ይህ አጠቃላይ መረጃ ነው፤ ፋይልህን አላየሁም። ገንዘብ ከቸገረህ በአካባቢህ ያለ ነጻ የሕግ አገልግሎት ጠይቅ፤ በተለይ ጉዳዩ ኮሌክሽን ከደረሰ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ የተማሪ ኢሜይልህን ክፈትና ያንን የዕዳ ደብዳቤ አትመው። ቀኑን፣ መጠኑንና የላከውን ቢሮ አስምርበት። ወረቀቱን ይዘህ ወደ ጠበቃ ስትሄድ የመጨረሻውን ኩዊዝ ስክሪንሾትም እንዳትረሳ።