የቪክስበርግ ከበባ፦ ጋሽ ተፈራን ጠይቁ

ጋሽ ተፈራ፦ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ከነመነሻው ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፍ። የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ግራንት፣ ደቡቦቹ የያዟትን የሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከተማ ቪክስበርግን ከብቦ የያዛት በ1863 ከሜይ 18 እስከ ጁላይ 4 ነው። ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ አታምታቱት።

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ ነዋሪው ዋሻ ውስጥ ይኖር ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ጋሽ ተፈራ፦ እውነት ነው፤ ጥሩ ጥያቄ አመጣህ። የቪክስበርግ ኮረብታ አፈሩ ለቁፋሮ ይመቻል። መድፉ ከወንዙም ከየብስም ሲዘንብ ሰዉ ኮረብታውን ፈልፍሎ ገባ። አንዳንዱ ዋሻ ክፍል ነበረው፤ አልጋና ምንጣፍ ገብቶለታል። ማን ቆፈረው? በአብዛኛው ጥቁሮች ናቸው። ዋጋው ከ30 እስከ 50 ዶላር ነበር። የደቡቡን ጦር ምሽግ ሲሠሩም በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው የለፉት። የጄኔራሎቹ ስም በየመጽሐፉ አለ፤ የነዚህ ሰዎች ግን የለም። ይሄ ያንገበግበኛል።

አንዱን ግን እናውቀዋለን፤ አብርሃም ይባላል። የሰሜኑ ጦር ከምሽጉ ስር ቆፍሮ ጁን 25 እና ጁላይ 1 ባሩድ አፈነዳ። አብርሃም በፍንዳታው ተወርውሮ ሰሜኖቹ ዘንድ ወደቀ፤ ተረፈም።

ሰላም፦ ምን ይበሉ ነበር?

ጋሽ ተፈራ፦ የበቅሎ ሥጋ። ከአተር ዱቄት የተጋገረ ዳቦ።

ዳዊት፦ ስለ ከበባው በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

ጋሽ ተፈራ፦ ወንድሜ፣ «በአጠቃላይ» ጥያቄ አይደለም። ለይተህ ጠይቅ።

ዳዊት፦ እሺ። ጦርነቱን የለወጠው ግን በዚያው ሰሞን በፔንሲልቬንያ የተደረገው የጌቲስበርግ ውጊያ አይደለም?

ሰላም፦ አይደለም! ቪክስበርግ ወደቀች፣ ጁላይ 9 በወንዙ ላይ ያለችው ሌላዋ የደቡቡ ምሽግ ፖርት ሃድሰን ተከተለች፤ ሚሲሲፒ ወንዝ በሙሉ በሰሜን እጅ ገባ። ደቡቡ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ዳዊት፦ የደቡቡ ጄኔራል ሊ እኮ የተሸነፈው ጌቲስበርግ ላይ ነው።

ሄኖክ፦ እናንተ ተከራከሩ። ቪክስበርግ የነበሩት የደቡቡ ወታደሮች ግመል ነበራቸው የሚባለውስ?

ጋሽ ተፈራ፦ ነበራቸው። ዳግላስ ይባላል፤ የ43ኛው ሚሲሲፒ ሬጅመንት ግመል ነው፤ ከበባው ላይ በጥይት ተገደለ። የጌቲስበርግን ክርክር ሌላ ቀን አድርጉት።

ማርታ፦ ጋዜጣ በግድግዳ ወረቀት ታትሟል ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሽ ተፈራ፦ አዎ እህቴ፣ ዴይሊ ሲቲዝን ነው። ወረቀት ሲያልቅ በግድግዳ ወረቀት ጀርባ አተሙት። የጁላይ 2ቱ እትም «ጥንቸል ለማብሰል መጀመሪያ ጥንቸሏን ያዝ» ብሎ በግራንት አላገጠ። ከተማዋ ስትያዝ የሰሜን ወታደሮች ያንኑ እትም ማተሚያው ላይ አገኙት፤ ግራንት ጥንቸሏን ይዟል የሚል ማስታወሻ ጨምረው አተሙት።

ዮናስ፦ ደቡቦቹ ለምን በአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ በጁላይ 4 እጅ ሰጡ?

ጋሽ ተፈራ፦ የደቡቡ አዛዥ ፔምበርተን የሰሜኗ ግዛት የፔንሲልቬንያ ተወላጅ ነው፤ የሰሜኖቹን ጠባይ ያውቃል። በዚያ ቀን የተሻለ ውል እናገኛለን ብሎ አሰበ። ወደ 29,000 የሚሆነው ወታደሩም ዳግም ላይዋጋ ቃል አስገብተው ለቀቁት።

ዮናስ፦ ጁላይ 4 በእኛ ስንት ነው?

ጋሽ ተፈራ፦ ቀኑ በፈረንጅ ነው ብያለሁ። ቀጣይ።

ማርታ፦ ወንዙ ዛሬም ከከተማዋ ስር ያልፋል?

ጋሽ ተፈራ፦ አያልፍም። በ1876 ሚሲሲፒ አቅጣጫውን ቀይሮ ከተማዋን ትቷት ሄደ። ግራንት ወንዙን በቦይ ሊያዞር ሞክሮ ያቃተውን፣ ወንዙ ራሱ አደረገው። በ1903 «ያዙ» የሚባለውን ወንዝ በቦይ ስበው ውሃ መለሱላት።