መልስ፦ ከሎይድ ጆርጅ ሌላ ታዋቂ የዌልስ ጠበቃ ፖለቲከኛ አለ?

አለ እንጂ! የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሎይድ ጆርጅማ ጉዳይ አዘጋጅ (ሶሊሲተር) እንጂ በከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚሟገት ጠበቃ አልነበረም፤ በእንግሊዝ ሥርዓት ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ለጥያቄዎ ትክክለኛው ሰው ኤልዊን ጆንስ ይመስለኛል።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1909 በዌልስ፣ በላኔሊ ከተማ ነው። አባቱ የቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በአበሪስትዊዝና በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ በ1935 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ በ1945 ደግሞ በሌበር ፓርቲ ስም ፓርላማ ገባ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት የሠራው ሥራ ነው። ገና በ36 ዓመቱ ከብሪታንያ ዐቃብያነ ሕግ አንዱ ሆኖ በናዚ መሪዎች ፊት ቆመ። በጀርመን ባሕር ኃይል የቀድሞ አዛዥ በኤሪክ ሬደር ላይ የቀረበውን ክስ ለችሎቱ ያስረዳው እሱ ነው። ስሜት የሚያነሣሣ ንግግር ከማሰማት ይልቅ የጀርመን ባሕር ኃይል ራሱ የጻፋቸውን ሰነዶች አንድ በአንድ እያነበበ ማስረጃ አደረጋቸው። ሬደር ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ጠበቃ ማለት እንዲህ ነው!

ከ1964 እስከ 1970 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ከ1974 እስከ 1979 ደግሞ ሎርድ ቻንስለር ሆነ። ይህ ሹመት በዚያ ዘመን የዳኞች የበላይ፣ የካቢኔ አባልና የላይኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ያደርግ ነበር። የቆርቆሮ ሠራተኛው ልጅ ሱፍ በታጨቀበት ቀይ የአፈ ጉባኤ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ሎርዶቹን መራ። ያረፈው በ1989 ነው።