ጎረቤት ፒክስሎች፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የቪአር መነፅር (ዓይን ላይ ተደርጎ ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ) ስክሪን ውስጥ እያንዳንዷን ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ የሚያበራ ትንሽ ሰርኪት አለ። ስለ እሱ ሰሞኑን ከወሎ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ስልክ እጠግናለሁ። የዛሬ ስልክ ስክሪን ጥርት ያለ ነው። ለምን እሱኑ መነፅር ውስጥ አይከቱትም? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

ስልኩን የሚያዩት በክንድ ርቀት ነው፤ መነፅሩ ግን ስክሪኑን ዓይንዎ ሥር አምጥቶ በሌንስ ያጎላዋል። ጤናማ ዓይን በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ፒክስል መለየት ይችላል። የስልኩን ስክሪን ለሁለት ዓይን ቢያካፍሉት በዲግሪ የሚደርሰው 13 ገደማ ነው። ነጥብ ነጥቡ ይታይዎታል። ለዚህ ነው የ2024ቱ አፕል ቪዥን ፕሮ በመስታወት ፋንታ ሲሊከን ላይ የተሠራ ኦሌድ (ከረንት ሲያልፍበት በራሱ የሚያበራ ስክሪን) የያዘው። የፒክስሉ ስፋት 7.5 ማይክሮሜትር ነው። የጥሩ ስልክ ፒክስል ደግሞ 55 ገደማ። በአንዱ የስልክ ፒክስል ቦታ ላይ ከ50 በላይ ይደረደራሉ ማለት ነው።

በ2 ትራንዚስተርና በ1 ካፓሲተር ፒክስል ሠራሁ። ሲሙሌሽን (የኮምፒውተር ሙከራ) ላይ በደንብ ይሠራል። ታዲያ ሰዎች ለምን እስከ 7 ትራንዚስተር ይጨምራሉ? (የኤሌክትሪካል ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

አብሽሪ፣ ሥራሽ ትክክል ነው። አንዱ ትራንዚስተር በር ነው፤ ቮልቴጁን ይዞ ወደሚያቆየው ካፓሲተር ያስገባል። ሁለተኛው ነጂ ነው፤ በዚያ ቮልቴጅ ልክ ለኦሌዱ ከረንት ይሰጣል። ችግሩ ሲሙሌተርሽ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ሁሉ መንትያ መሆናቸው ነው። ፋብሪካ ውስጥ መንትያ የለም። የእያንዳንዱ መነሻ ቮልቴጅ፣ ማለትም ትራንዚስተሩ በደንብ መክፈት የሚጀምርበት ቮልቴጅ፣ በጥቂት ሚሊቮልት ይለያያል።

ጥቂት ሚሊቮልት ምን ያመጣል ትዪ ይሆናል። የዚህ ፒክስል ከረንት በጣም ትንሽ ስለሆነ ነጂው የሚሠራው ከመነሻ ቮልቴጁ በታች ነው። እዚያ ከረንቱ የሚያድገው በብዜት ነው። 1 ሚሊቮልት ስትጨምሪ ከረንቱ 3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 10 ሚሊቮልት ልዩነት ካለ ብርሃኑ በሲሶ ያህል ይለወጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፒክስሎች እንዲህ ከተለያዩ ነጩ ግድግዳ አሸዋ የተረጨበት ይመስላል።

ተጨማሪዎቹ ትራንዚስተሮች የሚመጡት ለዚህ ነው። ምስሉ ከመግባቱ በፊት ነጂው የራሱን መነሻ ቮልቴጅ ካፓሲተሩ ላይ እንዲጽፍ ያደርጉታል። ከዚያ የሚጨመረው ቮልቴጅ በዚያ ላይ ስለሚያርፍ ልዩነቱ ይጣፋል። ግን ቦታ ይበላሉ። ይህን ልዩነት ያጠኑት ፔልግሮምና ባልደረቦቹ በ1989 እንዳሳዩት ትራንዚስተሩ የሚይዘው ቦታ ወደ ሩብ ሲወርድ የልዩነቱ መጠን እጥፍ ይሆናል። ልዩነትን ለማጥፋት ትራንዚስተር ስትጨምሪ ነጂውን ታሳንሺና ልዩነቱን መልሰሽ ታሳድጊዋለሽ። የሥራው ልብ እዚህ ጋ ነው። እኔ ብሆን ነጂውን ቦታው የፈቀደውን ያህል አስረዝመው ነበር፤ ትራንዚስተር የምጨምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ የስክሪን ጠርዝ ከሌላው ደብዘዝ የሚለው ለምንድን ነው? (ከቆቦ)

የመስኖ አገር ሰው ለዚህ ቅርብ ነው። ከቦዩ ራስ ያለው ማሳ ጠግቦ ይጠጣል፤ ጫፍ ላይ ያለው የተረፈውን ያገኛል። የኃይል መስመሩም ቀጭን ብረት ነው። ከረንቱ ረጅም መንገድ ሲሄድ ቮልቴጁ ይወርዳል። መፍትሔውም የቦይ ነው፦ ከሁለት በኩል መመገብ፣ መስመሩን ማስፋት፣ እንደ መረብ ማያያዝ።

ካፓሲተሩ ቮልቴጁን ምን ያህል ጊዜ መያዝ አለበት? (ከሐይቅ)

በሰከንድ 90 ፍሬም ከሆነ 11 ሚሊሰከንድ። አጭር ይመስላል። ግን ካፓሲተሩ እጅግ ትንሽ፣ 10 ፌምቶፋራድ ቢሆን 60 ያህል ኤሌክትሮን ብቻ ቢያፈስ 1 ሚሊቮልት ይቀየራል። ስልሳ! ለበሩ ሁለት ትራንዚስተር በተከታታይ አድርግ፤ ፍሳሹ በብዙ ይቀንሳል።

መነፅሩን አድርጌ ጭንቅላቴን ሳዞር ምስሉ ይሳባል። ለምን? (ከወልድያ)

ፒክስሉ ሙሉውን 11 ሚሊሰከንድ ስለሚበራ ነው። በሰከንድ 100 ዲግሪ ብትዞሪ ምስሉ ከ1 ዲግሪ በላይ ይሳባል። ስለዚህ ለ1 ወይም ለ2 ሚሊሰከንድ ብቻ አብርቶ ማጥፋት ነው። ለዓይን የሚደርሰው ብርሃን እንዳይቀንስ ግን በዚያች ቅፅበት ከረንቱ እስከ 10 እጥፍ መውጣት አለበት። ይህ ነጂውን ከመነሻ ቮልቴጁ በታች ካለው ስሱ ቦታ ስለሚያርቀው ልዩነቱን ያለዝባል፤ ኦሌዱን ግን ቶሎ ያስረጃል።

መሣሪያ የለኝም። ከየት ልጀምር? (ከመርሳ)

ላፕቶፕ ካለህ በቂ ነው። ኤንጂስፓይስ (የሰርኪት ሲሙሌተር)፣ ማጂክና ኬሌይአውት (የቺፕ ንድፍ መሣያ) ነፃ ሶፍትዌሮች ናቸው። ከቺፕ አምራቾች ስካይዋተር የ130 ናኖሜትሩን የፋብሪካ መረጃ በ2020፣ ግሎባልፋውንድሪስ የ180ውን በ2022 ከጉግል ጋር ለሁሉም ከፍተዋል። የ180ውን ምረጥ፤ 6 ቮልት የሚችል ትራንዚስተር አለው፣ ኦሌድ ደግሞ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ኔትወርክ ባለበት ቀን አንዴ አውርደው፤ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

የኮምቦልቻዋን ተማሪ ሰርኪት ሥራ። የነጂውን መነሻ ቮልቴጅ በዘፈቀደ እየቀያየርክ 200 ጊዜ አስኪደው። የ200ዎቹን ከረንት በግራፍ ደርድርና ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።