«ሞልቷል» ተብላችሁ ለተመለሳችሁ የጅማ ወላጆች፦ ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ 21 ዓመት ሆኖኛል። ነሐሴ በመጣ ቁጥር የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። «ሞልቷል» የምትለውን ቃል ለስንት እናት እንደተናገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዘንድሮም ባሰቡት ትምህርት ቤት ቦታ ያጡ ብዙ ናቸው። የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሰኝን እነሆ።

ጥያቄ (እናት፣ ከመንደራ)፦ ቲቸር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በዝናብ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ «ሞልቷል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?

አይዞሽ እህቴ። ሌሊት ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ነጠላ ተከናንቦ የሚቆመውን ሰልፍ በየዓመቱ አየዋለሁ። ድካምሽ ይገባኛል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽ ስታለቅሺ አይቷል? የምጠይቅሽ እኔም ስለደረሰብኝ ነው። ለመጀመሪያ ልጄ የፈለግኩት ትምህርት ቤት የስም ዝርዝሩን በር ላይ ለጥፎ ነበር። ወረቀቱን ዝናብ አርሶታል። በጣቴ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ወረድኩ፤ ስሟ የለም። ማታ ለባለቤቴ በምሬት ሳወራ ልጅቷ የተኛች መስሎኝ ነበር። ጠዋት የጫማዋን ክር ሳስርላት «እማ፣ ጎበዝ ስላልሆንኩ ነው?» አለችኝ። እጄ ክሩ ላይ ቀረ።

ስለዚህ «አልተቀበሉህም» አትበይው። የሚገባበት ትምህርት ቤት ሲታወቅ ስሙን ንገሪው፣ በበሩ በኩል ይዘሽው እለፊ፣ ግቢውን አሳዪው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ትምህርት ቤትን የሚያውቀው በእናቱ ፊት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። እዚያው ትምህርት ቤት ተመለሺና ተጠባባቂ መዝገብ ካላቸው የልጅሽን ስምና ስልክሽን አስመዝግቢ። ስሙ ሲጻፍ በዓይንሽ እይ። ጎን ለጎን ግን ለቤትሽ የሚቀርበው ሌላ ትምህርት ቤት ዛሬውኑ አስመዝግቢው። «ከተጠራ ብዬ ቤት አቆየሁት» የሚሉ ወላጆች ያሳዝኑኛል። ልጁ የፊደሉን መጀመሪያ ሳምንታት ያጣል፣ ቦታውም አይገኝም።

ከዚያ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ሂጂ፣ ከመስቀል በኋላም አንዴ ድገሚ። ሁለት ቦታ ተመዝግቦ አንዱን የሚተው አለ፣ ከተማ የሚለቅም አለ። የእነዚህ ስም የሚሰረዘው ያኔ ነው። እኔ ራሴ ጥቅምት ላይ ልጅ የተቀበልኩባቸው ዓመታት አሉ። በቅርብ ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሞልተዋል ካሉሽ ደግሞ ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ርዕሰ መምህሩ የሚያውቀው የራሱን ግቢ ነው። የትኛው ትምህርት ቤት ቦታ እንዳለው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአንቺ መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶና የኬጂ ካርዱ ከእጅሽ አይለይ። ዋናውን አሳይተሽ ኮፒውን ስጪ።

ጥያቄ (አባት)፦ አንድ ሰው «ለሻይ ካልከኝ አስገባልሃለሁ» አለኝ። ብሰጠው ይሻላል?

አትስጥ ወንድሜ። ብሩን በልቶ የሚጠፋው ብዙ ነው። ባይጠፋ እንኳን የሚገፋው በዝናብ የተሰለፈችን የሌላ እናት ልጅ ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ከፈረንጅ አራዳ)፦ አንድ የግል ትምህርት ቤት ልጄን ፈትኖ «አላለፈም» አለኝ። ገና 6 ዓመቱ ነው። ችግር ይኖርበት ይሆን?

የማያውቀው ክፍል ውስጥ፣ ከማያውቀው ሰው ፊት፣ እናቱ ውጭ ቆማ፣ 20 ደቂቃ። በዚያ ሰዓት የሚታየው ልጁ መድፈሩና መፍራቱ ነው። ዓይናፋር ልጅ ስሙን ሲጠየቅ እንኳ ዝም ይላል። ክፍሌ ገብተው አንድ ወር ሙሉ ድምፃቸውን ያልሰማሁ፣ ሰኔ ላይ ግን ለጓደኞቻቸው የሚያነቡ ልጆች አስተምሬአለሁ።

ችግር አለ ብለሽ የምትሰጊው ቤትም ስትጠሪው የማይሰማ ከሆነ፣ መጽሐፍ ዓይኑ ላይ የሚያስጠጋ ከሆነ፣ ወይም ንግግሩ ለእናንተም የማይገባ ከሆነ ነው። ያኔ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ጆሮና ዓይኑን ያዩልሻል። ከዚህ ውጪ የዚያን ቀን ፈተና እርሺው። ለዘመድም አታውሪው፤ ዘመድ ለልጁ ይነግርብሻል።

ጥያቄ (እናትና አባት፣ ከቆቺ)፦ ቤታችን የምንናገረው አማርኛ ነው። በአማርኛ የሚያስተምረው ሞላ፣ ቦታ ያገኘነው በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ነው። ልጃችን ወደ ኋላ ይቀራል ብለን ፈራን።

ከሁሉ በላይ የተጠየቅኩት ይህ ነው፤ ትንሽ ልዘርዝረው።

ልጃችሁ ያደገው ጅማ ነው። ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ሁለቱንም እየቀላቀለ ነው የሚጮኸው። ስለዚህ ከዜሮ አይነሳም። የሚያስቸግረው ንግግሩ ሳይሆን ጽሕፈቱ ነው፣ በተለይ ሁለት ነገር።

አንደኛው ርዝመት ነው። በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ አናባቢ ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። «ለፈ» ብለህ አጭር አድርገህ ካልከው መሬት ነው። «ላፋ» ብለህ ከሳብከው ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ነው። በአማርኛ የለመደ ጆሮ ልዩነቱን ይሰማል፣ እጁ ግን አንዷን ፊደል ይዘላል። ቤት ውስጥ እያጨበጨባችሁ አስለምዱት፤ አጭሩ አንድ ጭብጨባ፣ ረጅሙ ሁለት። እኔ ክፍል ውስጥ እንዲሁ ነው የማደርገው።

ሁለተኛው፣ ልጁ እንግሊዝኛንም አብሮ ይጀምራል፤ ፊደሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። በእንግሊዝኛ «ኤክስ» የሚባለው በቁቤ «ጥ» ነው። «ሲ» ደግሞ «ጭ» ነው። ልጁ ሲያደናግረው ሰነፈ ማለት አይደለም፤ አፋን ኦሮሞ በቤታቸው የሚነገር ልጆችም ይደናገራሉ። ሁለት ደብተር በሁለት ዓይነት ቀለም ሸፍኑለት፣ የትኛውን እንደያዘ ያውቀዋል።

የአማርኛ ፊደሉን እናንተ ቤት አስተምሩት። ማታ 15 ደቂቃ ይበቃል። እናንተ አፋን ኦሮሞ ማንበብ ካልቻላችሁ ከልጃችሁ ጋር ተማሩ። የአንድ ተማሪዬ እናት ገበያ ትነግዳለች። ልጇን ለመውሰድ ስትመጣ ደጃፍ ላይ ቆማ የዕለቱን ቃላት እሱ ያነብላት ነበር፣ እሷም ትደግማለች። ልጁ እናቱን ማስተማሩ እንዴት እንዳኮራው ብታዩ! እነዚያ ሁለት ፊቶች ዛሬም ከዓይኔ አይጠፉም።

ልጁ አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ ማንበብና መጻፍ መቻሉ ሀብት ነው። ይህን ላጽናናችሁ ብዬ አልጻፍኩትም። ሰው ጅማ ላይ ሥራ ሲፈልግ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኅዳር ላይ 7 ይሞላዋል። «ዕድሜው አልደረሰም» ብለው መለሱት። የልደት ወረቀቱን ቀኑን ባስተካክልስ?

በፍጹም። በ2015 የጸደቀው የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት አስቀምጧል፤ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሪ፤ የጥቂት ወር ጉዳይ ስለሆነ ሊያዩልሽ ይችላሉ። እምቢ ካሉሽ ግን ቅድመ አንደኛው ይቀጥል። ልደቱን ከሌላ ወር ያጻፍሽለት ልጅ እስከ 12ኛ ክፍል፣ ከዚያም እስከ ፓስፖርት ድረስ ያ ወረቀት ይከተለዋል። የአንድ ዓመት መጠበቅ የዚያን ጣጣ አያህልም።

ጥያቄ (አባት)፦ ባለቤቴ ተበድረን የግል እናስገባው ትላለች።

ከመበደራችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ የዓመቱን ሙሉ ጻፉ። ምዝገባው፣ የ10 ወር ክፍያው፣ ዩኒፎርሙ፣ መጽሐፉ፣ ባጃጁ። የወሩን ክፍያ ብቻ አይተው የገቡ ወላጆች የካቲት ላይ ልጃቸውን ሲያስወጡ አይቻለሁ። ለልጅ በዓመቱ መሀል መውጣት ከሁሉም ይከብደዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ሳይሆን እስከ 6ኛ ክፍል የምትዘልቁበት መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ያገኘነው ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፣ አዌቱን መሻገር አለባት። ልጄ ትንሽ ናት።

ብቻዋን አትልቀቋት፤ ጅማ መስከረምም ጥቅምትም ይዘንባል፣ ወንዙ ይሞላል። በየቤቱ ብትጠይቁ ወደዚያው የሚሄዱ ሦስት አራት ልጆች አይጠፉም። ወላጆቹ ተራ ገብታችሁ አድርሱ፣ ወይም ተዋጥታችሁ አንድ የምታውቁትን ባጃጅ በወር ኮንትራት ያዙ።

ጥያቄ (እናት፣ ከጊንጆ)፦ ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ አሉኝ። ልጄ ማን ያየዋል?

በመመሪያው 50 ነው፣ ከዚያ የሚበልጥ ክፍል ግን አለ። እውነቱን ልንገርሽ፤ 60 ልጅ ይዤ ሁሉንም በየቀኑ አላያቸውም። እናቱን የማውቃትን ልጅ ግን አያለሁ። ስለዚህ ተዋወቂኝ፣ ማለቴ የልጅሽን መምህርት ተዋወቂያት። ጠዋት 2 ሰዓት አትምጪ፣ እሱ ግርግር ነው። ስንለቃቸው ነይ፣ ሁለት ደቂቃ ስጪኝ በያት። ዓይኑ ቢደክም፣ ጆሮው ቢከብድ፣ ሽንቱን ለመጠየቅ ቢያፍር ንገሪያት። ፊት ታስቀምጠዋለች። ማታ ደግሞ ደብተሩን ክፈቺ። ባዶ ገጽ ካየሽ አትቆጪው፣ ምን እንደሆነ ጠይቂውና በማግስቱ ለመምህርቷ ንገሪያት።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ፈለግነው መዛወር እንችላለን?

ይቻላል። ሰኔ ላይ ካርዱንና መሸኛውን ውሰዱ፣ ሐምሌ ላይ ጠይቁ፣ እስከ ነሐሴ አትቆዩ። ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚለቁ ስላሉ ቦታ ከአንደኛ ክፍል ይሻላል። ሰኔ ሲደርስ ግን መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት። የእኔዋ ልጅ ቦታው ተገኝቶላት ስነግራት ጓደኛዋን ስሟን ጠርታ «እሷስ ትመጣለች?» አለችኝ። አትመጣም አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ወደ ድሮዋ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።