እናቴ በዐቢይ ጾም የዱር ሳማ እየለቀመች ትበላለች፤ ልከልክላት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አካባቢ ነው። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። በልጅነቷ የያዛት የቶንሲል ሕመም ልቧን ጎድቶት ኖሮ፣ እዚህ ከመጣች በኋላ ቫልቩ በብረት ተቀይሮላታል፤ ማርኩማር የሚባል ደም ማቅጠኛም ትወስዳለች። አሁን ጸደይ ገብቶ ሳማው አቆጥቁጧል። ጾምም ስለሆነ ጓንት አጥልቃ እየለቀመች፣ በቀን በቀን ትሠራዋለች። «ደም ያጠራል» ትላለች። ጀርመናዊቷ ጎረቤታችን ደግሞ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት የጫካ ቅጠል አሳይታታለች። እኔ ግን ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሳማውን አይከልክሏቸው። የአገራችን ደጋ ሳማና የጀርመኑ ዝርያቸው ቢለያይም ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ሲቀቀሉ መለብለባቸው ይጠፋል። ሳያብብ፣ ለጋ ጫፉን ብቻ፣ ውሻ ከሚሸናበት መንገድ ዳር ርቀው ይልቀሙ። በደንብ አጥበው አብስለው ይብሉት፤ በዚያ አገር ቀበሮ በኩሱ የሚዘራው የኮሶ ዓይነት ትል ስላለ፣ የጫካ ቅጠል ጥሬውን መብላት አይመከርም። እንቁላሉን የሚገድለው እሳት እንጂ የቤት ማቀዝቀዣ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ መድኃኒታቸው ነው። ጉበት ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል፤ ማርኩማር ደግሞ የዚህን ቫይታሚን ሥራ ያግዳል። 100 ግራም የተቀቀለ ሳማ ውስጥ 500 ማይክሮግራም ገደማ ቫይታሚን ኬ አለ። አንዲት ሴት በቀን የሚያስፈልጋት ከ100 በታች ነው። ጎመኑም ቢሆን ከሳማው ብዙ አይርቅም። እናትዎ በሌላው ጊዜ አልፎ አልፎ የሚቀምሱትን ቅጠል በሁዳዴው 55 ቀን በየዕለቱ ከበሉት የመድኃኒቱ ጉልበት ይደክማል፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሐኪማቸው የደሙን መወፈር አይተው የማርኩማሩን መጠን ጨመሩ እንበል። ፋሲካ ሲመጣ ሳማው ይቀርና ዶሮው ይገባል፤ ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ ይበዛባቸዋል፤ ያኔ የሚያሰጋው መድማት ነው። ማርኩማር ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ለውጡ ወዲያው አይታይም። ብዙ ሰው ጾሙን ብቻ ይጠነቀቃል። እኔ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት እኩል እፈራቸዋለሁ።

ስለዚህ ቅጠሉን አንድ ቀን ድስት ሙሉ፣ ሳምንቱን ደግሞ ምንም ከማለት፣ በመጠኑ ሳያዘበራርቁ ይብሉ። ለሐኪማቸው «ጾም ገብቷል፣ ምግቤ ተለውጧል» ብለው ይንገሩ፤ ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ካልነገሩት ሊያውቅ አይችልም። የደም መርጋቱ ልኬት፣ አይ ኤን አር የሚባለው፣ ጾሙ ሲጀመርም ሲፈታም ቶሎ ቶሎ ይለካ። የተቀየረው ሚትራል ቫልቭ ከሆነ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ የእሳቸው ልክ በማርኩማር መከታተያ ደብተራቸው ላይ ተጽፏል። «ሳማው ደሜን ካጠራልኝ ኪኒኑ ለምኔ» የሚል ሐሳብ ከመጣባቸው ግን በፍቅርም በጥብቅም ይከልክሏቸው። ሳማ የብረት ቫልቭን ከደም መርጋት አያድንም።

ጎረቤትዎ ያሳየቻቸውን ቅጠልም ይከልክሏቸው። ጀርመኖች ቤርላውህ ይሉታል፤ ራሱ ጥሩ ምግብ ነው። በዚያው ወቅት ግን ሁለት መርዘኛ መሳዮቹ አብረውት ይበቅላሉ። አንዱ ማይግሎክሸን የሚባለው የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አለው፤ ለልብ ሕመምተኛ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትዎትም። ሌላው ሄርብስትሳይትሎዘ ኮልቺሲን ይዟል፤ ይህ መርዝ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። በየጸደዩ ሰው እየተሳሳተ ይለቅመዋል፤ የሞቱም አሉ።

ሽታውን አምነው እንዳይለቅሙ። አንድ ጊዜ ትክክለኛውን ከነኩ እጅ ራሱ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ከዚያ በኋላ የሚለቀመው ሁሉ ይሸታል። የሚያውቅ ሰው የሚለየው በአገዳው ነው፦ ቤርላውህ እያንዳንዱ ቅጠል በራሱ ቀጭን አገዳ ለብቻው ከመሬት ይወጣል፤ ማይግሎክሸን ሁለት ቅጠል ባንድ አገዳ ላይ አለው፤ ሄርብስትሳይትሎዘ አገዳ የለውም፣ ቅጠሎቹ ከአንድ ሥር ተሰብስበው ይወጣሉ። ይህን ልነግርዎ የፈለግሁት ለጎረቤትዎም እንዲያስታውሷት ነው። እናትዎ ከፈለጉት ከገበያ ይግዙላቸው፤ እሱም ቅጠል ነውና ከሳማው ጋር ይቆጠር።

ከጫካ ሲመለሱ ከጉልበታቸው ጀርባና ከብብታቸው መዥገር ይፈልጉላቸው።

የኮልቺሲን መርዝ ከተበላ በኋላ ለሰዓታት ዝም ሊል ይችላል። ከዚያ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ይጀምራል፤ አንዳንዴ ጋብ ብሎ «ተሻለኝ» ካሰኘ በኋላ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን መቅኔውንና ኩላሊቱን ይጥላል። የጫካ ቅጠል በልተው ካስመለሳቸው፣ ወይም ልባቸው ከተዛባባቸው፣ እስኪብስ አይጠብቁ፤ ለ112 ይደውሉ። ሕመም ሳይጀምር «ተሳስቼ ይሆን?» ካሉም በሄሰን ግዛት የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ስልክ 06131 19240 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ። ሐኪሞቹ እንዲለዩት ከተረፈው ቅጠል ወይም ከተሠራው ወጥ ጥቂት በላስቲክ ይያዙላቸው።