ጋል4 ብቻውን አይሠራም፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ማታ 2 ሰዓት ነው። እርሾ ላይ ነው የምሠራው፤ ጂን ስለሚያበሩ ፕሮቲኖች (ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ስለሚባሉት) በየሰፈራችሁ ስም ጠይቁ። ፈተና ግን አልሠራላችሁም።

ታቦር፦ ጋሼ፣ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ዲኤንኤ ላይ ካረፈ ጂኑ በራ ማለት ነው?

አይደለም! ማረፍ ሌላ፣ ማብራት ሌላ። ጋል4ን እይ፤ እርሾው ጋላክቶስ የሚባለውን ስኳር እንዲበላ የሚያስችሉ ጂኖችን የሚያበራ ፕሮቲን ነው። እርሾው ጋላክቶስ ሳያገኝም ጂኖቹ አጠገብ ተቀምጦ ልታገኘው ትችላለህ። ግን ጋል80 የሚባል ሌላ ፕሮቲን አፉን፣ ማለትም የሚያበራበትን ክፍል፣ ይዞታል። ጋላክቶስ ሲገባ ጋል3 የሚባል ፕሮቲን ከስኳሩና ከኤቲፒ (የሴሉ ጉልበት ተሸካሚ) ጋር ይጣበቅና ጋል80ን ይይዘዋል። ጋል4 አፉ ተፈታ። ያኔ ሳጋንና ሚዲዬተርን ይጠራል፤ ሁለቱም ትልልቅ የፕሮቲን ስብስቦች ናቸው። ጂኑን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠው አርኤንኤ ፖሊመሬዝ 2 በእነሱ በኩል ይመጣል። ጋል4 ያው ጋል4 ነው፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው።

ሃይቅ ዳር፦ ግሉኮስም አብሮ ካለስ?

ግሉኮሱ ይቀድማል። ሚግ1 የሚባል ፕሮቲን እነ ቱፕ1ን፣ ጂን አጥፊ ረዳቶቹን፣ ይዞ መጥቶ ጂኖቹን ያጠፋቸዋል።

አሞራ ገደል፦ እርሾ ሲሉ የእንጀራውን ነው? እናቴ ጋ ሞልቷል።

ታቦር፦ የዳቦውን ነው እንጂ!

አሞራ ገደል፦ እሱ ከሱቅ የሚገዛ ዱቄት ነው፤ እርሾ አይባልም።

ሃይቅ ዳር፦ ዋሳስ (ቆጮው) ያለ እርሾ ይቦካል እንዴ?

ቡኮውን ተዉትና! እኔ የምለው የዳቦውን ነው። የእንጀራው ውስጥ ባክቴሪያም አለ።

አቶቴ፦ ስለ ካንሰር ቢነግሩን።

ስለ ካንሰር ምኑን?

አቶቴ፦ ይቅርታ፣ ስለ ሚክ።

እንዲህ በይ እንጂ። ሚክ በብዙ ካንሰር ውስጥ ከልክ በላይ የሚሠራ ጂን አብሪ ፕሮቲን ነው፤ ማክስ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ነው ዲኤንኤ የሚይዘው። ማክስ ግን ኤምኤክስዲ1 ከመሰሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ሲጣመር እዚያው ቦታ ሄዶ ጂን ያጠፋል።

ፒያሳ፦ ዲኤንኤ ላይ ካረፈ በራ አይደል?

ከላይ አንብብ። ማረፉን ብቻ አይታችሁ «በራ» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ አርኤንኤውን ለኩ።

አቶቴ፦ ሁለት ፕሮቲኖች መነካካታቸው በምን ይታወቃል?

ይሄ ጥያቄ ነው! በ1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፊልድስና ሶንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ጋል4ን ለሁለት ከፈሉት። ዲኤንኤ የሚይዘውን ክፍል ካንዱ ፕሮቲን፣ የሚያበራውን ከሌላው ጋር አያያዙት። ሁለቱ ፕሮቲኖች ከተነካኩ ጋል4 ተገጣጠመ፣ ጂኑም በራ። ማቅለሚያ ስትጨምሪበት እርሾው ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ሆነ ማለት ግን ሰው ሴል ውስጥም ይገናኛሉ ማለት አይደለም። ይህንንም ጻፉት።

አሞራ ገደል፦ ታዲያ የእናቴ እርሾ ውስጥ ጋል4 አለ ወይስ የለም?

በጠርሙስ አድርገህ አምጣውና እናያለን።