ለብስክሌት ልጆቻችን፦ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ምርመራውና ስለ ሐሜቱ

ማለዳ ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ ይርጋለም ብስክሌት ይዛችሁ የምትወጡ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመድኃኒት ቤት ነው። ስለ ልምምድ የሚነግራችሁ አሰልጣኝ አላችሁ። እኔ የማወራችሁ ስለምትውጡት ነገር ነው።

በመካከላችሁ ሁለት ወሬ እሰማለሁ። አንዱ «እገሌ አበረታች መድኃኒት ይወጋል፤ ያለዚያ እንዲህ አይነዳም» የሚል ነው። ሌላው «ፈረንጆቹም ሁሉም ይወስዳሉ፤ ካልወሰድክ የትም አትደርስም» የሚል። ሁለቱም ያስጨንቁኛል። ሁለተኛው ግን ይብሳል፤ ልጆችን ወደ መድኃኒት ቤት መስኮት የሚያመጣቸው እሱ ነውና።

ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገራችሁ። በ1967 እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ቶም ሲምፕሰን በፈረንሳዩ ትልቅ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ ሞን ቫንቱ የተባለውን ተራራ ሲወጣ ወድቆ ሞተ። በሰውነቱ ውስጥ አምፌታሚንና አልኮል ተገኘ። አምፌታሚን ድካምን አያጠፋም። የሚያጠፋው ድካሙን የሚነግራችሁን ስሜት ነው። በዚያ ሙቀት ሰውነት «በቃ፣ ቁም» ሲል የሚሰማው አይኖርም።

በ1998 ደግሞ የፌስቲና ቡድን ማሳጅ ሠራተኛ መኪናው ውስጥ ኢፒኦና ሌሎች መድኃኒቶች ጭኖ በፈረንሳይና በቤልጂየም ድንበር ላይ ተያዘ። ኢፒኦን እኛ የምናውቀው ለኩላሊት ሕመምተኛ ሲታዘዝ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ ያደርጋል። ጤነኛ ሰው ሲወስደው ደሙ ይወፍራል፤ ሊረጋም ይችላል። ያኔ ኢፒኦን በሽንት ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ ገና አልነበረም፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2000 ነው።

ከዚያ አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ መጣ። ከ1999 እስከ 2005 ቱር ደ ፍራንስን ሰባት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። ስንቴ ተመርምሬ አልፌያለሁ እያለ ይከራከር ነበር። በ2012 ድሎቹ ተሰረዙ፤ በ2013 መጀመሪያ ላይ ራሱ በቴሌቪዥን ቀርቦ አመነ። በዋናነት ያጋለጠው የቡድን ጓደኞቹ ምስክርነት ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ዳገት ላይ ሁሉንም ጥሎ ብቻውን ሲሄድ ሰው የሚጠራጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ዕዳው ግን ለእናንተ ተርፏል።

ስለዚህ ንጹሕ መሆን ብቻ አይበቃችሁም። ንጹሕ መሆናችሁን የሚያሳይ ነገር ከወዲሁ ማስቀመጥ አለባችሁ።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የምወደው አሠራር በ2008 የተጀመረው የደም ፓስፖርት ነው። የደማችሁ ልኬት በየጊዜው ይመዘገባል። ከዚያ የምትነጻጸሩት ከራሳችሁ ጋር ነው። ቀድሞ፣ ከ1997 ጀምሮ፣ ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሱ ድርሻ፣ ከ50 በመቶ ያለፈ ወንድ ተወዳዳሪ ለሁለት ሳምንት እንዳይወዳደር ይደረግ ነበር። ይህ ደጋ ላይ ተወልዶ ላደገ ልጅ ፍትሐዊ አልነበረም፤ ከፍታ ራሱ ቀይ ደምን ይጨምራልና። አሁን ግን የራሳችሁ ታሪክ ይታያል። አንድ ቀን እንደ ፅጋቡ ግርማይ ትልቅ ቡድን ብትገቡ፣ እሱ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደነበር ታውቃላችሁ፣ ከዓመት ዓመት የተመዘገበው ደማችሁ ጠበቃ ይሆናችኋል።

አሁን ወደ እኔ መስኮት እንምጣ። እውነቱን ለመናገር ለእናንተ የምፈራው ኢፒኦን አይደለም፤ ውድ ነው፣ በቀላሉም አይገኝም። የምፈራው የጉንፋን ክኒንን ነው። ማሸጊያውን ያዙት። ከፊት በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስሙ ነው፤ እሱ ምንም አይነግራችሁም። ገልብጡት። በጥቃቅኑ ፊደል ፓራሲታሞል ይላል፤ ችግር የለውም። ዝቅ በሉ። ሱዶኤፌድሪን የሚል ካገኛችሁ ለውድድር ሰሞን መልሱት። በውድድር ጊዜ ከተወሰነ መጠን በላይ ሽንታችሁ ውስጥ ከተገኘ ጥፋት ነው። የውድድር ጊዜ የሚባለው ደግሞ በመደበኛው ደንብ ከዋዜማው ምሽት፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከ5፡59 ጀምሮ ነው።

ትራማዶልም እንዲሁ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ፌዴሬሽን በ2019 ለብቻው ከለከለው፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በሁሉም ስፖርት በውድድር ጊዜ ተከለከለ። ሕመም ያስታግሳል፣ ግን ያዞራል፣ ያንቀላፋል። ተጠጋግታችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ አንዱ ራሱ ቢዞር ስንቱን ይዞ እንደሚወድቅ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሱስም ያስይዛል።

ሰው ለመወፈር የሚውጠው ዴክሳሜታዞንም አለ። በክኒንም በመርፌም በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊታመም ስለሚችል፣ የጀመራችሁ ካላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። ደብቃችሁ አትቀመጡ፤ ማንም አይቆጣችሁም።

ጫትን ብዙዎቻችሁ አትጠረጥሩትም። ውስጡ ካቲንና ካቲኖን አሉ። ሁለቱም በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ ካቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ያስቀጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኛ ቤት ቅማችሁ እሁድ ጠዋት መነሻው መስመር ላይ አትቁሙ።

ጂም ቤት የሚሸጠው ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አይቼ ልነግራችሁ አልችልም። ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ነገር የተገኘባቸው አሉ። ደንቡም ጥብቅ ነው፤ «ሳላውቅ ነው» ቅጣት ሊያቀል ይችላል እንጂ ነጻ አያወጣም። ስፔናዊው ብስክሌተኛ አልቤርቶ ኮንታዶር በ2010 ክሌንቡቴሮል የተባለ የተከለከለ መድኃኒት እጅግ ጥቂት ተገኘበት። ከበላሁት ሥጋ ነው ብሎ ተከራከረ። ሆኖም የቱር ድሉን ተነጠቀ።

አስም ያለባችሁ አትደንግጡ። ሳልቡታሞል በፓፍ እስከ ተወሰነ መጠን ይፈቀዳል። ሌላ የተከለከለ መድኃኒት ለሕክምና የግድ ካስፈለጋችሁ ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣንን ጠይቁ። የሐኪም ማዘዣችሁን፣ የገዛችሁበትን ደረሰኝ፣ የማሸጊያውን ፎቶ አስቀምጡ። እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ክሪስ ፍሩም በ2017 ሳልቡታሞሉ ከገደቡ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ጉዳዩ ተመርምሮ በ2018 ነጻ ተባለ። እስከዚያ ድረስ ግን በየሚዲያው ሲታማ ከረመ።

ለዚህም ነው ያንን የመጀመሪያውን፣ «እገሌ ይወጋል» የሚለውን ወሬ ተዉት የምላችሁ። ያያችሁት ነገር ካለ ለባለሥልጣኑ ንገሩ። ካላያችሁ የጓደኛችሁን ስም ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ አታንሱ። እናቱ ትሰማለች።

ከፍ ያለ ደረጃ ስትደርሱ መርማሪ ድንገት ቢመጣ እንዲያገኛችሁ በየቀኑ ለ60 ደቂቃ የት እንደምትገኙ ማሳወቅ ይመጣል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካጎደላችሁ አንድም ነገር ሳይገኝባችሁ ልትቀጡ ትችላላችሁ። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም መረጃውን በሌላ ሰው ስልክም ቢሆን ሙሉት።

መርማሪው ሲመጣ መታወቂያውን ጠይቁ። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ትልቅ ሰው አብሯችሁ ይሁን። የናሙና ዕቃውን ራሳችሁ ምረጡ፤ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን እዩ። ሽንቱን ስትሰጡ መርማሪው ያያችኋል፤ ያሳፍራል፣ ግን ደንቡ ነው። ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ይፈለጋል። ሀ እና ለ ብላችሁ ሁለቱ ጠርሙሶች ውስጥ የምትቀዱትም፣ የምትዘጉትም እናንተ ናችሁ። የጠርሙሱን ቁጥር ቅጹ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። በ7 ቀን ውስጥ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ ፓራሲታሞልም ቢሆን፣ ጻፉ። ቅሬታ ካላችሁ የአስተያየት ቦታው ላይ አስፍሩ፤ ቅጂያችሁን ሳትይዙ ከክፍሉ አትውጡ።